ለሚያምኑት ምሳሌ መሆን፦ በጎጃም ለሚኖር ምእመን የተጻፈ ምክር

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን ለተወው ወጣት ደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት (4፥12) በቃልና በኑሮ፣ በፍቅርና በእምነት፣ በንጽሕናም ለሚያምኑት ምሳሌ እንዲሆን ያዝዘዋል። ትእዛዙ የተሰጠው በዕድሜው ማነስ ሊናቅ ይችል ለነበረ ሰው ነው፤ ምሳሌ እንዲሆንላቸው የታዘዘውም አብረውት ለሚጸልዩና ቃሉን አስቀድመው ለሰሙ ሰዎች ነው። ከተዘረዘሩት አምስት ነገሮች መካከል ማዕረግን ወይም ሀብትን የሚጠይቅ አንድም የለም። ስለዚህ ይህ ነገር የሚመለከተው ቀሳውስትንና ዲያቆናትን ብቻ ነው ብሎ ራሱን ነጻ የሚያደርግ ምእመን ካለ መልእክቱን ደግሞ ማንበብ ይገባዋል። በቢቸና ዙሪያ ጤፍ የሚያመርተው ገበሬ፣ በቡሬ በርበሬ የሚነግደው ሰው፣ በደብረ ማርቆስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግለው ሠራተኛ፣ ከቤተሰቧ ርቃ በባሕር ዳር የምትማረው ተማሪ፣ ሁሉም በዚህ ትእዛዝ ሥር ናቸው።

ጎጃም የመምህር ድሃ ሆኖ አያውቅም። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ ጥንታውያን አድባራትም ሊቃውንትን ሲያፈሩ ኖረዋል። ምእመኑም አጽዋማትን ከነወራታቸው ያውቃል፤ ወሩን የሚቆጥረው እንኳ «ሚካኤል»፣ «ኪዳነ ምሕረት»፣ «ባለ ወልድ» እያለ ነው። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖር ወንድም መጾም እንደሚገባው መንገር ብዙም አይጨምርለትም፤ ከእናቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ሰምቶታል። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው። ሁላችንም «የተለመደ ነው፣ ያላደረገው ማን አለ» ብለን በዝምታ የተስማማንበትን ኃጢአት አንድ የሚያውቀው ሰው ድምፅ ሳያሰማ ሲተወው ማየት ይጎድለዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር ሁሉ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ከየት ይጀመር?

ብዙ ሰው ለወንድሞቹ አርአያ ለመሆን ባሰበ ጊዜ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነገር መጨመር ነው፤ ስግደት ይጨምራል፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከሁሉ ቀድሞ ከደጀ ሰላም ይቆማል፣ ዳዊቱን ከእጁ አይለይም። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ወዲያው ይታያሉ፣ ወዲያውም ምስጋና ያመጣሉ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ አዝዞ፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ ለሰው ለመታየት ከሚደረግ ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም እንድንጠበቅ ያስጠነቅቃል። ሁለቱን ትእዛዞች አንድ ላይ ለመፈጸም ከሚረዱት መንገዶች ሁሉ እኔ የማውቀው ቀላሉ፣ ከመጨመር በፊት መተውን ማስቀደም ነው። የሰውን ገንዘብ ሲወስድ የኖረ ሰው መውሰዱን ቢተው ጥቅሙ ለባልንጀራው ነው፤ እርሱን ግን አንድ ነገር ያስከፍለዋል፤ የሚያጨበጭብለትም ጥቂት ነው።

የሚተወውን ነገር ለማወቅ ሦስት ሰዎችን ጠይቁ። የመጀመሪያው የንስሐ አባታችሁ ናቸው። በተለመደው ኑዛዜ ላይ «አባቴ፣ በእኔ ምክንያት የተሰናከለ ሰው ታውቃላችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ጨምሩበት፤ አባቶች የሰፈሩን ሁሉ እንባ የሚሰሙ ናቸውና የማንንም ምሥጢር ሳያወጡ ወዴት እንደምትመለከቱ ሊጠቁሟችሁ ይችላሉ። ሁለተኛው የትዳር ጓደኛችሁ ናት ወይም ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ከእናንተ በታች ያለ ሰው ነው፦ በቤታችሁ የምትሠራው ልጅ፣ ከብት የሚጠብቅላችሁ እረኛ፣ ዱቤ የወሰደባችሁ ጎረቤት። ይህ ሦስተኛው ሰው ፊት ለፊት ሊመልስላችሁ ይፈራ ይሆናል፤ ስለዚህ ቃሉን ከመጠበቅ ይልቅ እናንተ ወደ ቤት ስትገቡ ፊቱ የሚለወጥ መሆኑን አስተውሉ።

ከሰማችሁት መካከል አንድ ብቻ ምረጡ። አምስት ነገር በአንድ ሱባዔ ለመተው የሚነሣ ሰው አምስቱንም ይዞ ወደ ነበረበት ሲመለስ አይቻለሁ። ስለ ጊዜውም የምመክረው አለኝ፤ የተለመደው በዐቢይ ጾም መጀመር ነው፣ ነገር ግን ሁሉም ሰው በሚጠነቀቅበት ወራት የተጀመረ ነገር ከወራቱ ጋር አብሮ ያልፋል። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት፣ ድግስና ሠርግ በሚበዛበት ጊዜ የተጀመረ መልካም ልማድ ግን ሥር የመስደድ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወንድሞችም ሲያዩት «ጾሙ ነው ያስጨነቀው» ብለው ሊያልፉት አይችሉም።

ድንበር፣ አውድማና ገበያ

አብዛኛው የጎጃም ሕዝብ አራሽ ነውና ከእርሻ ልጀምር። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ በሬ የሚጠምድ ሰው ድንበሩ ላይ ሲደርስ ሞፈሩን ስንዝር ያህል ወደ ባልንጀራው ማሳ ቢያዘነብለው ያን ዕለት የሚያየው የለም። በዓመቱ ሌላ ስንዝር፣ ከዚያም ሌላ ይጨመራል፤ በመጨረሻም የመሬት ይዞታ ደብተር ይዞ ፍርድ ቤት መመላለስ፣ ሲከፋም ደም መፋሰስ ይመጣል። ኦሪት ዘዳግም (27፥17) የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚገፋ ሰው የተረገመ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሕዝቡም ሁሉ አሜን እንዲል ታዝዟል። በየሰንበቱ አሜን የምንል ሰዎች ይህኛውን አሜን ማስታወስ አለብን።

በዚህ ነገር ምሳሌ ለመሆን የሚፈልግ ገበሬ ከማረሱ በፊት አዋሳኙን ይጥራው። አብረው በድንበሩ ላይ ይሂዱ፣ የጠፋው ድንጋይ በጋራ ይተከል፣ ያለፈው ትልም ገፍቶ ከሆነ ወደ ቦታው ይመለስ። የተገፋው መሬት በአባት ዘመን የተወሰደ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፣ «የአባታችንን አጥንት ወቀስክ» የሚል ይነሣል። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ ከቤተሰብ ጋር መምከር፣ ቀጥሎም የቦታውን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን መያዝ ይገባል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ተቀብሎ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ሲናገር (ሉቃ. 19፥8) ያን ያህል የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ እኛ ደግሞ አንዱን ስንዝር ብቻ መመለስ ሲያቅተን ማየት ያሳዝናል። ድንበሩ በሚመለስበት ቀን በሬ የሚነዳው ልጃችሁ አጠገባችሁ እንዲቆም አድርጉ፤ ያን ማሳ ነገ የሚያርሰው እርሱ ነው።

መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ባልቴት ያለችበት ቀበሌ ሁሉ ሌላ ፈተና አለ። በሬም ጉልበትም የላትምና ምርቱን የምታየው ተወቅቶ፣ ተመርቶ፣ ተለክቶ ከደረሳት በኋላ ነው። አውድማው ላይ ምን እንደ ነበረ የሚያውቀው አራሹና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ስለዚህ በእኩል የሚያርስ ክርስቲያን የሚወቃበትን ቀን አስቀድሞ ይንገራት፤ እርሷ መምጣት ካልቻለች ዘመድ ትላክ፤ ምርቱ በዓይኗ ፊት ይሰፈር፤ ለወቂዎች የሚሰጠውም ሆነ ለዘር የሚቀመጠው ከመነሣቱ በፊት ይነገራት። የእርሷን ድርሻ አስቀድሞ ጭኖ ከቤቷ ማድረስ ቢጨመርበት የበለጠ ነው። አጠገቡ የሚወቁት ሌሎች አራሾች ይህን ማየታቸው አይቀርም፤ በሚመጣው ዓመት የእነርሱ ባለመሬቶችም «ለእኛስ ለምን አይነገረንም?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ። አንዳንዱ አራሽ በዚህ ይቆጣ ይሆናል፤ ቁጣውን መታገሥ የምሳሌነቱ አካል ነው።

ገበያ ላይ በይበልጥ የተላመድነው መሐላ ነው። «ማርያምን በዚህ አልገዛሁትም»፣ «ሚካኤልን ሌላ ሰው ከዚህ በላይ ሰጥቶኛል» የሚለው ቃል ከፍኖተ ሰላም እስከ ደጀን በየገበያው ሲነገር ይውላል፤ ከሚምሉት ብዙዎቹም በማለዳ በዚያው በማሉበት ስም የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው የመጡ ናቸው። ጌታችን ፈጽማችሁ አትማሉ፣ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን (ማቴ. 5፥34-37) ያለውን ለመፈጸም የሚነሣ ነጋዴ ዋጋውን አንድ ጊዜ ይናገር፤ መቀነስ የሚችል ከሆነም ሳይምል ይቀንስ። ገዢው «እስቲ ማል!» ቢለው በትሕትና «ቃሌ ይኸው ነው፤ ካልተስማማዎት ሌላ ጋ አይተው ይመለሱ» ማለት በቂ ነው። በዚህ አጋጣሚ ስለ መሐላ ስብከት መጀመር አያስፈልግም፤ ገዢው በርበሬ ሊገዛ እንጂ ሊማር አልመጣም።

ከቃል ቀጥሎ ሥፍርና ሚዛን ይመጣል። በርበሬን ውኃ ረጭቶ ክብደት መጨመር፣ በማር ላይ ስኳር ማፍሰስ፣ ከጤፉ ጆንያ ግርጌ ገለባውንና አሸዋውን ማሳደር፣ ሲገዙ በሙሉ ቁና፣ ሲሸጡ አፉ በተሸረፈ ቁና መስፈር የታወቁ ናቸው። መጽሐፈ ምሳሌ (11፥1) አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ እንደ ሆነ ይናገራል። ይህን የሚተው ሰው መጀመሪያ ላይ ገቢው መቀነሱ አይቀርም፤ ይህን ለቤተሰቡ አስቀድሞ ቢነግራቸው ከቤት የሚመጣውን ወቀሳ ያቀልለታል። የማይታለፈው ሥርዓት ግን ይህ ነው፦ በማጭበርበር ባገኛችሁት ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሕንጻ አትመጽውቱ። አስቀድሞ ለተበደለው ሰው ይመለስ፤ ሰውየው የማይገኝ ከሆነ የንስሐ አባት የሚሉት ይደረግ።

በመሥሪያ ቤት ላሉት ጥቂት ቃል ይበቃል። በወረፋ የተቀመጠውን የገጠር ሰው አሳልፎ የማኅበር ወንድምን ማስቀደም፣ ያ ወንድም ቢደሰትም፣ ለእርሱ የተሰጠ መጥፎ ትምህርት ነው። ወረፋው እንዲጠበቅ አድርጋችሁ ቡናውን በኋላ ጋብዙት።

በቤት ውስጥ

ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስብ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ በእናቱም በኤውንቄ እንደ ነበረ ይጽፋል (2ጢሞ. 1፥5)። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ይህንኑ ያውቁታል። ከሩቅ አገር አኩፋዳውን ተሸክሞ የሚመጣ ተማሪ የኔታ የሚያስተምሩትን ዜማ ወይም ቅኔ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ሲቆጡ ምን እንደሚሉ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደሚነሡ፣ ታምመው እንኳ ሌሊት ለማኅሌት እንዴት እንደሚቆሙ ዓመታት ሙሉ ያያል። በዕብራውያን መልእክት (13፥7) የኑሮአቸውን ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው የተባለው ይህን የመሰለውን ነው። በቤታችንም እንዲሁ የሚመለከቱን አሉ።

በከተሞቻችን በተለመደ አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የእሑድ ቅዳሴ ሲደርስ ባለቤቶቹ ነጭ ለብሰው ይሄዳሉ፤ የቤት ሠራተኛዋ ግን ቅዳሴው ሲያልቅ የሚበላውን ለማሰናዳት ትቀራለች። ከገጠር የመጣች የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ በእናቷ ቤት ሳለች ሰንበትን ከቤተ ክርስቲያን ቀርታበት አታውቅም ይሆናል። እንግዲህ ከእኛ ቤት ስለ ክርስትና የምትማረው ምንድን ነው? ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ምግቡ ቅዳሜ ማታ ይሠራ፣ ወይም በየሳምንቱ ተራ ይያዝ፣ ልጅቷም የንስሐ አባት ይኑራት፣ የምትማርበት ሰዓትም ይከበርላት። እረኛ ላለው ገበሬም ነገሩ ያው ነው፤ ከብቶቹን በሰንበት ከጎረቤት ጋር በተራ መጠበቅ ይቻላል። ይህን በጀመረ አንድ ቤት ምክንያት የአንድ መንደር ልማድ ሊለወጥ እንደሚችል አምናለሁ፤ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉና።

ሌላው ያለ ዕድሜ የሚፈጸም ጋብቻ ነው። ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ መዳር ይከለክላል፤ በአንዳንድ ገጠሮቻችን ግን «ዘመዳሞች ተስማምተዋል»፣ «ከተማ ሄዳ ከምትበላሽ» እየተባለ አሁንም የሚዳሩ ልጆች አሉ፤ ድግሱም የሚበላው በምእመናን ነው። ምሳሌ ለመሆን የሚሻ አባት የራሱን ልጅ በትምህርት ቤት ያቆያት፤ ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ያለ ዕድሜዋ ለምትዳር ልጅ ሠርግ ሲጠራ ለጠሪው ለብቻው ምክንያቱን ነግሮ ይቅር። በእኛ አገር ከሠርግ መቅረት ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ክብደቱም ነው መልእክቱን የሚያደርሰው። ቤተሰቡ ሳይጠላ እንዲቀበለው፣ በሌላ ጊዜ በኀዘኑም በደስታውም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ሊሆን ይገባል።

ስለ ጸሎትና ስለ ቁርባን የምለው አጭር ነው። ቤተሰብ ሁሉ የሚቆምበት የአምስት ደቂቃ ጸሎት፣ አባት ብቻውን ተነሥቶ ከሚያደርሰው ረጅም ጸሎት ይልቅ ለልጆች ይቀራል። ሥጋውና ደሙን መቀበልም ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ የተተወ ነገር እስኪመስል ድረስ በመካከለኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ርቀናል። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተዘጋጅተው አብረው የሚቆርቡ ባልና ሚስት በአንድ አጥቢያ ቢገኙ፣ ሌሎች ጥንዶች ቤታቸው ድረስ መጥተው እንዴት እንደ ጀመሩ ይጠይቋቸዋል።

በማኅበርና በጾም

የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ወንድማማቾች በቅርብ የሚተያዩባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ስለዚህም ፉክክር ሳይታወቅ ይገባባቸዋል። አንዱ ዳቦና ጠላ ያቀረበበት ማኅበር በሚቀጥለው ወር በጠጅ፣ ከዚያም በሙክት ይደገሳል። ተራው የደረሰ ድሃ ወንድም ይበደራል፣ ወይም ምክንያት ፈልጎ ከማኅበሩ ይወጣል፤ እኛም «ቀዘቀዘ» እንለዋለን። በዚህ ጊዜ ምሳሌ ሊሆን የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ሀብት ያለው አባል ነው። ተራው ሲደርስ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ብቻ ያቅርብ፤ ለሚቀጥለው ተረኛም መንገዱን ያቀልልለታል። ቀሪውን ገንዘብ በስውር ለተቸገረ ያድርስ፤ ከተቻለም ለማኅበሩ ሙሴ (ለሰብሳቢው) ቀርቦ ድግሱ በልክ እንዲወሰን ያሳስብ። ድሃው ይህን ሐሳብ ቢያቀርብ ከስስት ይቆጠርበታል፤ ከባለጸጋው አፍ ሲወጣ ግን ሁሉንም ያሳርፋል። ለተዝካርም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ጥማድ በሬውን ሸጦ ተዝካር ያወጣ ሰው በክረምቱ የሰው በሬ ሲለምን ማየት የተለመደ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ ምሳሌ ሰጥቻችኋለሁ ብሎ ተናግሯል (ዮሐ. 13፥15)። በማኅበሩ ቤት ለእጅ መታጠቢያ ውኃ የሚያፈሰው ሁልጊዜ ታናሹ መሆን የለበትም። አንድ የተከበረ ሰው ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ለወጣቶቹ ውኃ ሲያፈስላቸው፣ ከቦታው ሳይነሣ ለሚያዝዝ ሰው ሌላ ቃል መጨመር አያስፈልግም።

ስለ ጾም ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ምሳሌ መሆን ወደ መፍረድ የሚለወጠው በዚህ ላይ ቶሎ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተጠብቆ ከወንድሙ ጋር የማይነጋገር ሰው ስንት ነው? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታትና እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደ ሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። ስለዚህ በጾሙ መግቢያ ላይ የምትታረቁትን አንድ ሰው ስም ያዙ፤ ከሆሳዕና በፊትም ነገሩን ፈጽሙ። ታምሞ ወይም ሌላ ችግር ገጥሞት በንስሐ አባቱ ፈቃድ የሚበላ ወንድም ስታዩ ምክንያቱን አትጠይቁት። የተፈቀደለት ሰው በበኩሉ በገበያ መካከል ከመብላት ይጠበቅ፤ ጳውሎስ መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ከቶ ሥጋ አልበላም (1ቆሮ. 8፥13) ያለው፣ መብሉ ርኩስ ሆኖ ሳይሆን ለወንድሙ ኅሊና ራርቶ ነው። መጠጥን ለመተው የሚታገል ወንድም ባለበት ማዕድም አረቄው ሳይቀርብ ይቅር፤ ስለ እርሱ ብለን እንደ ተውነው ግን አንንገረው።

ጥልና ተግሣጽ

በአገራችን ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል፤ «ወንድ ልጅ» የሚባለውም የሚበቀለው ነው። ፉከራውና ቀረርቶው ሁሉ ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል። ስለዚህ በጎጃም ለሚኖር ክርስቲያን ከሁሉ የከበደው፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታይ ምሳሌነት በደል እያለበት ሳይሆን ተበድሎም ቢሆን ለዕርቅ መቅደም ነው። መባህን በመሠዊያው ላይ ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው ቃል (ማቴ. 5፥23-24) «ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ያለው እንደ ሆነ» ይላል፤ ማን ጀመረው የሚል ጥያቄ የለበትም። ከባድ ጠብ ከሆነ በራሳችሁ አትሂዱ፤ ሁለቱም ወገን የሚያምኗቸው ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙ ካህን ይቅደሙ። ጉዳዩ ደም ያለበት ከሆነ ደግሞ የሟች ቤተሰብ ኀዘን እስኪበርድ በትዕግሥት መጠበቅና ሽማግሌዎቹ የሚሉትን መፈጸም ያስፈልጋል። በዚህ መካከል ቤተሰባችሁ ስለ ባላጋራው ክፉ እንዳይናገር ከልክሉ፤ ልጆች ጥልን የሚወርሱት ከምድጃ ዳር ወሬ ነው።

ወንድምን መገሠጽ ሲያስፈልግ የጌታን ሥርዓት ተከተሉ፦ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምረህ፣ ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን (ማቴ. 18፥15-17)። የቅኔ አገር ሰዎች ነንና ነገርን ጠቅልሎ፣ በማኅበር መካከል በሰምና ወርቅ መውጋት ይቀናናል፤ አድማጩ ይስቃል፣ የተወጋው ይገባዋል፣ ነገር ግን በዚህ መንገድ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ወንድምህን ለብቻው ጥራው፤ ያየኸውን ብቻ፣ የሰማኸውን ትተህ፣ በግልጥ ቃል ንገረው፤ ምላሹንም እስከ መጨረሻው አዳምጥ። ወጣቶች ደግሞ ሽማግሌን እንደ አባት ለምነው እንጂ አትገሥጸው የሚለውን ቃል (1ጢሞ. 5፥1) ይያዙ፤ ለታላቅ ሰው «አባቴ፣ እንዲህ ሲሆን አይቼ ልቤ ታወከ፤ ቢያስረዱኝ» ብሎ መጀመር አንተንም እርሳቸውንም ይጠብቃል።

ሲወድቁና ሲመሰገኑ

ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ይበላ ነበር፤ ከግዝረት ወገን የሆኑት ሲመጡ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ፤ ሌሎቹም አይሁድ ተከተሉት፣ በርናባስ እንኳ ሳይቀር ተሳበ (ገላ. 2፥11-13)። አንድ የተከበረ ሰው በአንድ ማዕድ ያደረገው ነገር ስንቱን እንደሚወስድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ስለዚህ ምሳሌ ለመሆን የተነሣ ሰው ሲወድቅ ውድቀቱን ባዩት ፊት ሊያርመው ይገባል። በልጆቹ ፊት ሚስቱን የሰደበ፣ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ይጠይቃት፤ በማኅበር የዋሸ፣ በማኅበር እውነቱን ይናገር። በስውር የተሠራውን ግን ለንስሐ አባት ብቻ ይንገር፤ ማንም ያላየውን ኃጢአት በአደባባይ መዘርዘር ለደካሞች ሌላ መሰናክል ይሆናል። ንስሐውን ከተቀበለ በኋላም በያዘው ነገር ይቀጥል፤ «እንዲህ ያለ ሰው ምን ብሎ ለሌላው ምሳሌ ይሆናል» የሚለው ሐሳብ ከትሕትና የመጣ ቢመስልም መጨረሻው መተው ነው።

ምስጋና ደግሞ ከውድቀት ይልቅ ዝግ ብሎ የሚጎዳ ፈተና ነው። ሲያመሰግኗችሁ አትከራከሩ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጸልዩልኝ» ብላችሁ ወደ ሌላ ነገር እለፉ። የምትመጸውቱትን ሰው ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ችግሩ የራሱ ገመና ነው። በጣና ዳር በምትገኘው በዘጌ፣ በሬ ጠምዶ እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባ ሥርዓት የሠሩት አባ በትረ ማርያም እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ምእመናን፣ መነኮሳት ሳይሆኑ ባለትዳርና ባለቤተሰብ የሆኑት ሰዎች፣ ቡናቸውን ከደኑ ጥላ ሥር እየለቀሙ ያን ሥርዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቀዋል። ሥርዓቱን የሚጠብቀው ገበሬ የማንንም ምስጋና ሲጠብቅ አይውልም፤ አባቱ ሲያደርግ አይቶ ያደርገዋል።

ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው ወደ እናንተ መጥቶ «ድንበርህን እንዴት መለስክ?» ወይም «ያለ መሐላ እንዴት ትሸጣለህ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ፣ ያስከፈላችሁን ዋጋና ቤተሰባችሁ ያለውን ጨምራችሁ፣ ሳታሳምሩ ንገሩት። ነገር ግን በዙሪያችሁ ሰው አትሰብስቡ፤ በቆሮንቶስ «እኔ የጳውሎስ ነኝ»፣ «እኔ የአጵሎስ ነኝ» የተባለው መለያየት የጀመረው መልካም መምህራን በነበሩበት ቦታ ነው። ሰውየው የንስሐ አባት ከሌለው ወደ አጥቢያው ካህን ይዛችሁት ሂዱ፤ ካለውም ወደ እርሳቸው መልሱት፣ የሚተወውንም ነገር ከእርሳቸው ጋር ይምረጥ።